ደንቡ ሲጠብቀን፣ ደንቡ ሲደብቀን

መጽሐፉ፦ «ዚ አንላይክሊ ዲሳይፕል» (ያልታሰበው ደቀ መዝሙር)
ጸሐፊው፦ ኬቨን ሩስ
የታተመው፦ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በእንግሊዝኛ

ውድ ወጣቶች፣ በዚህ እትም የምናየው መጽሐፍ የአማኝ መጽሐፍ አይደለም። ጸሐፊው ታሪኩን ሲጀምር ጌታን አያውቅም፤ ሲጨርስም ዳግም ተወለደ ብለን የምንመሰክርለት ሰው አልሆነም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን ወጣት ምን ይረባል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በተለይ በመጪው ዓመት ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ልጆች ብታውቁት እወዳለሁ። ምክንያቱም መጽሐፉ የሚያነሣው ጥያቄ የእናንተ ጥያቄ ነው፤ ደንብ ሰውን ቅዱስ ያደርጋል ወይ? ካላደረገስ ለምን እንጠብቀዋለን?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኬቨን ሩስ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በሚገኘው በብራውን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ብራውን ተማሪው እንደ ፈቀደ በመኖሩ የታወቀ ትምህርት ቤት ነው። ሩስ ለአንድ ደራሲ በረዳትነት ሲሠራ ቨርጂኒያ ውስጥ ሊንችበርግ ወደምትባል ከተማ ሄዶ የቶማስ ሮድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን ይጎበኛል። እዚያም ከሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ይገናኛል። ዕድሜያቸው እኩያ፣ አገራቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ ሆኖ ሳለ መነጋገር አቃታቸው። ሌሎች ጓደኞቹ ለአንድ ሴሚስተር ወደ አውሮፓ ሄደው የባዕድ አገር ባህል ሲያጠኑ፣ እሱ በገዛ አገሩ ባዕድ የሆነበትን ሕዝብ ሊያጠና ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ሊበርቲ ገባ፤ አማኝ መስሎም አንድ ሴሚስተር ተማረ።

ሊበርቲን ያቋቋሙት ፓስተር ጄሪ ፎልዌል ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1971 ነው። እኚህ ሰው የቶማስ ሮድ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ፣ በ1979 ደግሞ «የሞራል ማጆሪቲ» የተባለው የፖለቲካ እንቅስቃሴ መሥራች ነበሩ። በአሜሪካ ብዙዎች ይወዷቸዋል፤ ብዙዎችም አጥብቀው ይጠሏቸዋል። ሩስ ያደገው በሚጠሏቸው ሰዎች መካከል ነው።

አርባ ስድስት ገጽ

ተማሪው ሊበርቲ ሲገባ «የሊበርቲ መንገድ» የሚባል የሥነ ምግባር ደንብ ይቀበላል። ሩስ የተቀበለው 46 ገጽ ነበር። መጠጥ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ጭፈራ የለም። ለአዋቂ ብቻ ተብለው የተመደቡ ፊልሞች አይታዩም። ወንድና ሴት ተማሪዎች አይሳሳሙም፤ መተቃቀፍ ቢፈቀድም ከሦስት ሰከንድ አይበልጥም። ማታ የመግቢያ ሰዓት አለ፤ የጋራ አምልኮ ላይ መገኘት ግዴታ ነው፤ ክፍል ይፈተሻል። ደንብ ያፈረሰ የተግሣጽ ነጥብ ይያዝበታል፣ ገንዘብም ይቀጣል። ነጥቡ እየተደመረ ከሄደ እስከ መባረር ያደርሳል። ደንቡ ከዚያ ወዲህ በብዙ ላልቷል፤ በሩስ ጊዜ የነበረው ግን ይህ ነው።

ይህን ስታነቡ ከከንፈራችሁ ፈገግታ ሊያመልጥ ይችላል። የመጽሐፉ ብዙ አንባቢም የሚስቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ከመሳቃችን በፊት ራሳችንን እንድናይ እለምናችኋለሁ። እኛ 46 ገጽ የለንም፤ ያልተጻፈው ግን ከዚያ አያንስም። ዘፈን የሰማች ልጅ በኅብረቱ እንዴት እንደምትታይ ታውቃላችሁ። ሠርግ ላይ እስክስታ የወረደ ወንድም ከመዘምራን እንደሚታገድ ታውቃላችሁ። ሱሪዋ፣ ጆሮ ጌጧ፣ ጸጉሯ፣ የፀጉር አቆራረጡ፣ ከማን ጋር ካፌ እንደተቀመጠ ሁሉ ይቆጠራል። የሊበርቲ ተማሪ ቢያንስ ምን እንደተከለከለ አንብቦ ፈርሟል። የኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ደንቡ መኖሩን የሚያውቀው ካፈረሰው በኋላ ነው።

እንግዳው ያየው መልካም ነገር

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ሐቀኝነቱ ነው። ሩስ ሊያላግጥ ቢፈልግ ኖሮ ቁሳቁሱ ሁሉ በእጁ ነበር። ነገር ግን ያየውን መልካም ነገር አልደበቀም።

የዶርም ጓደኞቹ እንደ ጠበቃቸው ግትር ወጣቶች ሆነው አላገኛቸውም። እንደ ማንኛውም ተማሪ ስለ ፈተና ይጨነቃሉ፣ ስለ ሴት ልጅ ያወራሉ፣ ይቀላለዳሉ። ከዚያ በላይ ግን አንዱ ሲታመም ሌላው ይጸልይለታል። አንዱ ሲከፋው ሌላው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠይቀዋል። ሩስ በዕለት ዕለት ጸሎት ውስጥ የገባው ለማስመሰል ነበር፤ ሴሚስተሩ ሲገፋ ግን ለሌሎች መጸለይ እሱን ራሱን እንደለወጠው ይናገራል። ስለ ራሱ ብቻ ማሰቡ ቀነሰ፤ የሰው ችግር ይታወሰው ጀመር። ከሊበርቲ ከወጣ በኋላም መጸለዩን ወዲያው አልተወም።

ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት የጻፈውም ልብ ሊባል ይገባዋል። እጅ ከመያዝና ከአጭር እቅፍ ያለፈ ነገር እንደማይኖር አስቀድሞ ሲታወቅ፣ ከልጅቱ ጋር የሚቀረው ሥራ መነጋገር ብቻ ሆነ። «ዛሬ ማታ ምን ይጠበቅብኝ ይሆን?» የሚል ጭንቀት የለም። ከነጻው ዩኒቨርሲቲ የመጣው ልጅ ይህን ዓይነት እረፍት አያውቀውም ነበር። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የሚለው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይደለም፤ ደንቡን ሊተች የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ ጥብቅ ደንብ ሁሉ እስር ቤት ነው የሚላችሁን ሰው ሁሉ አትመኑ። አጥር አንዳንድ ጊዜ ውስጡ ያለው ችግኝ እንዲያድግ ያደርጋል።

እንግዳው ያየው ሕመም

ይሁን እንጂ ሩስ ሌላም ነገር አየ። በዶርሙ ውስጥ እንደ እነሱ ስላልሆኑ ሰዎች፣ በተለይም ስለ ግብረ ሰዶማውያን፣ በቀልድም በቁጣም የሚወረወረው ቃል አስደነገጠው። በቤተሰቡ ውስጥ የሚወዳቸው እንደዚያ ያሉ ሰዎች ነበሩና ቃሉ የወደቀው በራሱ ሰዎች ላይ ነበር። እኛ በዚህ ጉዳይ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል ብለን የምንይዘውን አቋም አልተውም። ነገር ግን ትምህርት አንድ ነገር ነው፤ ንቀት ሌላ ነገር ነው። እቅፍ በሰከንድ ይለካል፤ በልብ ውስጥ ያለ ንቀት ግን በምን ይለካል? ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ከጓሮ ቅመማቸው ሳይቀር አሥራት እየቆጠሩ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን ሰዎች የገሠጸው በዚህ ምክንያት ነው። አሥራት ማውጣታቸውን አልነቀፈም፤ ለመቁጠር የሚቀለውን ይዘው የሚከብደውን መተዋቸውን ነቀፈ።

ሌላው ያየው ሕመም ጥርጣሬን መደበቅ ነው። ደንብ በበዛበት ቦታ ተማሪው ሁለት ፊት ይለምዳል፤ አንዱን ለኃላፊዎች፣ አንዱን ለራሱ። ሩስ ከሥጋ ምኞት ጋር ለሚታገሉ ወንዶች የተቋቋመ የድጋፍ ቡድን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ተቀምጧል። እዚያ ያሉት ልጆች ውድቀታቸውን በግልጽ ሲናገሩ ማየቱ ልቡን ነክቶታል። እኔንም የነካኝ ክፍል ይህ ነው፤ በዚያ ትልቅ ግቢ ውስጥ እውነት በነጻነት ከተነገረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ፣ የወደቁ ሰዎች ክበብ ሠርተው የተቀመጡበት ትንሽ ክፍል ነበር።

በጸደይ ዕረፍት ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ሄዶ ለሚጨፍሩ ወጣቶች ወንጌል ይመሰክራል። አብዛኛው ሰው ፊቱን ያዞርባቸዋል። ሩስ በማያምነው ነገር ሰዎችን ሲለምን የተሰማውን ሃፍረት ጽፎታል። የጎዳና ምስክርነት የወጣችሁ ሁሉ ይህን ምዕራፍ ብታነቡ ትማሩበታላችሁ። ሰው ሲሰማን ምን ይሰማዋል የሚለውን ከሌላኛው ወገን ሆኖ የሚነግረን ሰው ብዙ አናገኝምና።

መጽሐፉ የሚጎድለው

አሁን ወደ ትችቴ ልምጣ። የመጀመሪያው፣ መጽሐፉ በሙሉ የቆመው በማታለል ላይ ነው። ሩስ አማኝ ነኝ ብሎ ገባ፤ ሰዎች ልባቸውን ሰጡት፤ እሱ ማስታወሻ ያዘ። በመዘምራን መካከል ቆሞ የማያምነውን ዘመረ። የጓደኞቹን ስም ቀይሮ መጻፉ መልካም ነው፤ በሚወዳት ልጅ ላይ ላለመቀጠል መወሰኑም ኅሊና እንዳለው ያሳያል። ሆኖም «እውነቱን ለማወቅ ዋሸሁ» ማለት ውሸቱን እውነት አያደርገውም። ይህን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን።

ሁለተኛው፣ ሩስ የመመለሻ ትኬት ያለው ሰው ነበር። ደንቡ ቢከብደው ሴሚስተሩ ሲያልቅ ወደ ብራውን ይመለሳል። እዚያው የቀረው ተማሪ ግን ቢጠራጠር የሚያጣው ብዙ ነው፤ አባቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ጓደኞቹን፣ ምናልባትም የትምህርት ክፍያውን። የጎብኚ ጥርጣሬና የልጅ ጥርጣሬ አንድ ዋጋ የላቸውም። መጽሐፉ የጎብኚውን በደንብ ያሳያል፤ የልጁን ግን ከሩቅ ነው የሚያየው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደኛል። ሩስ የኖረው በወንዶች ዶርም ነው። ስለዚህ ያ ደንብ በሴቶች ሕይወት ላይ ምን እንደሚሠራ ሊያሳየን አልቻለም። መጽሐፉ ከታተመ ከዓመታት በኋላ የወጣው ነገር ይህ ክፍተት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲን በግቢው ውስጥ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በሚገባ ባለማሳወቁ 14 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። በምርመራው ከተገኙት ነገሮች አንዱ፣ የጾታ ጥቃት የደረሰባቸው ተማሪዎች በሥነ ምግባር ደንቡ እንዳይቀጡ ፈርተው ዝም ማለታቸው ነው። ጠጥታ ከሆነ፣ ወይም በተከለከለ ሰዓት በተከለከለ ቦታ ተገኝታ ከሆነ፣ ተበደልኩ ብላ ስትመጣ አስቀድማ በዳይ ትሆናለች። ዩኒቨርሲቲው ያለፈውን ጉድለት አምኖ እንደሚያስተካክል ተናግሯል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ያ ደንብ ሲጻፍ ልጃገረዶችን ለመጠበቅ ታስቦ ነበር። በክፉ ቀን ግን የጠበቀው በዳዩን ሆነ። ደንብ የቆሰለን ሰው አፍ ከዘጋ፣ የፈለገውን ያህል ጥቅስ ቢደረደርበት፣ የእግዚአብሔርን ልብ አይገልጽም።

ከሌሎች ኮሌጆች የምንማረው

ሊበርቲ ብቻውን አይደለም። በደቡብ ካሮላይና፣ ግሪንቪል የሚገኘው ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች እንዳይጠናኑ የሚከለክል ደንብ ነበረው። ይህንንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የወሰድኩት ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ምክንያት የግብር ነጻነቱን መነፈጉን በስምንት ድምፅ ለአንድ አጸና። ዩኒቨርሲቲው ግን ክልከላውን ያነሣው በ2000 ነው፤ ስለ ቀድሞው የዘር ፖሊሲው በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በ2008። እኛ ጥቁሮች ነን፤ በዚያ ደንብ ሚዛን የት እንደምንቀመጥ ማንም አይነግረንም። የዘመኑ ኃጢአት የቅድስና ልብስ ለብሶ በደንብ መጽሐፍ ውስጥ ሊቀመጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሌላ በኩል የዊተን ኮሌጅን ተመልከቱ። ኢሊኖይ ውስጥ የሚገኝ፣ በ1860 የተመሠረተ፣ የብዙ ወንጌላውያን ምሁራን ትምህርት ቤት ነው። ለረጅም ዘመን ጭፈራ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 መምህራንና ተማሪዎች በአንድ የማኅበረሰብ ቃል ኪዳን ተስማምተው ክልከላውን አነሡ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም የመጀመሪያው የጭፈራ ምሽት ተደረገ። ክልከላውን መተዋቸው ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብዬ አልፈርድም። የምወደው ጠይቀው፣ ተመካክረው፣ የቱ የእግዚአብሔር ትእዛዝ፣ የቱ የአባቶች ልማድ እንደሆነ ለመለየት መድከማቸውን ነው። ደንብ እንዲህ ሊመረመር ይችላል። ሲመረመርም ቤተ ክርስቲያን አትፈርስም።

ለእኛስ?

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ሚኒስቴሩ ወደመደባችሁ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳላችሁ፤ ጅማ ይሁን ጎንደር፣ ሐዋሳ ይሁን ወሎ። የዶርም ጓደኛችሁን እናንተ አትመርጡም። የማታ መግቢያ ሰዓታችሁን የሚቆጣጠር ሽማግሌ የለም። እሑድ ጠዋት ባትነሡ የሚጠይቃችሁ ላይኖር ይችላል። የዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ የያዛችሁ ምን እንደነበር ይታወቃል፤ ጌታ ነው ወይስ የእናታችሁ ዐይን?

ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ሕግን በሞግዚት መስሎታል። ሞግዚት ልጁን እጁን ይዞ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል፤ መምህሩ ግን እሱ አይደለም። ለቆላስይስ ሰዎች ደግሞ አትንካ፣ አትቅመስ የሚሉ ሥርዓቶች ጥበብ ቢመስሉም የሥጋን ምኞት ለመግደል አቅም እንደሌላቸው አስጠንቅቋል። እኔ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ነኝ፤ ደንብ ከሚያወጡት ወገን ነኝ። ደንብ ይጥፋ አልልም። ልጅን ያለ ሞግዚት መልቀቅም በደል ነው። ግን ሞግዚቱ ልጁን ዕድሜ ልኩን እጁን ይዞ ከዞረ፣ ልጁ አላደገም ማለት ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ በየቤቱ ተደብቀው ጸለዩ። በር ላይ የሚቆም አስተናጋጅ፣ ስም የሚመዘግብ ኃላፊ አልነበረም። መቅረት ቀላል ነበር፤ መምጣት ነው ዋጋ የሚያስከፍለው። ሆኖም መጡ። ያን ዓይነት እምነት ደንብ አይወልደውም። ከኢየሱስ ጋር ከመገናኘት ነው የሚወለደው።

ስለዚህ በኅብረታችሁ ያለውን ደንብ፣ የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም፣ በሦስት ጥያቄ እንድትመዝኑት አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ይህ የእግዚአብሔር ቃል ነው ወይስ የእኛ ጥበብ? ጥበባችን ቢሆን ክፉ አይደለም፤ ግን በስሙ ይጠራ። ሁለተኛ፣ የሚጠብቀው ማንን ነው? ደካማውን ነው ወይስ የኅብረቱን ስም? ሦስተኛ፣ አንዲት እህት ደንብ አፍርሳ ሳለ ብትጎዳ፣ ወደ እኛ ለመምጣት ትደፍራለች? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሳችሁ «አትደፍርም» ከሆነ፣ ሌላ ደንብ ከመጨመራችሁ በፊት ያንን አስተካክሉ። ጉዳት ደርሶባችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁም፣ ደንብ ማፍረሳችሁ የደረሰባችሁን በደል የእናንተ ጥፋት አያደርገውም። የምታምኑትን አንድ ሰው ፈልጋችሁ ንገሩ፤ የመጀመሪያው ካልሰማችሁ ሁለተኛውን ፈልጉ።

የመጽሐፉን መጨረሻ ሳልነግራችሁ ብቀር ፍትሕ ይጎድላል። ፓስተር ፎልዌል እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 2007 በድንገት አረፉ። ጥቂት ቀደም ብሎ ለተማሪዎች ጋዜጣ ቃለ መጠይቅ ያደረገላቸው ሩስ ነበር፤ ለኅትመት የሰጡት የመጨረሻ ቃለ መጠይቅም ያ ሆነ። ሊጠላቸው የመጣው ልጅ በቀብራቸው ሰሞን ሐዘን ተሰማው። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሶ ለዶርም ጓደኞቹ ማን እንደነበረ፣ ለምን እንደ መጣ ነገራቸው። ሲሄድ ፈርቶ ነበር፤ ቁጣ ጠብቋል። እነሱ ግን ይቅር አሉት።

የተታለሉት እነሱ ነበሩ። 46ቱን ገጽ ብትገላብጡ «የዋሸህን ወዳጅ እንዲህ አድርገህ ተቀበል» የሚል አንቀጽ አታገኙም። ይህን ከሌላ ቦታ ተምረውታል፤ ከየት እንደተማሩት እናንተም ታውቃላችሁ። መጽሐፉን ማንበብ የምትችሉ አንብቡት፤ የማትችሉ ደግሞ ቢያንስ ሦስቱን ጥያቄዎች በሚቀጥለው የኅብረት ስብሰባችሁ አንሡ። መሪዎቻችሁም ባሉበት ይሁን።

ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን።